የፋርስ ስሞች ሁሉ በ«ስ» ያልቃሉ? ስለ ዳርዮስና አርጤክስስ የተከፈተ ክር ከነምላሾቹ

ክሩ የተከፈተው በአጭር ጥያቄ ነው። ከፋቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ የፋርስ ነገሥታትን ስም አውጥቶ ደረደረ፤ ቂሮስ፣ ዳርዮስ፣ አርጤክስስ። ሁሉም በ«ስ» ያልቃሉ። ይህ የጥንት ፋርስኛ ስም ምልክት ነው ወይ? በዚህ ቢያበቃ ሦስት ምላሽ በበቃው ነበር። ግን በመጨረሻው መስመር ላይ፣ እንዲያ ከሆነማ ከእኛ የክርስትና ስሞች በ«ስ» የሚያልቁት ስንቶቹ ከፋርስ እንደመጡ ቢመረመር ጥሩ ነው ብሎ ጨመረ። ክሩን 24 ምላሽ ድረስ የጎተተችው ይህች ጭማሪ ናት።

ቁጥር 1 በትሕትና ገባ። ጠያቂውን እርስዎ እያለ፣ ያስተዋሉት ነገር 2400 ዓመት ያለፈው ነው አለ። የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም የፋርሶች ስም ሁሉ በአንድ ፊደል እንደሚያልቅ ጽፏል፤ ጭራሽ ይህን ፋርሶቹ ራሳቸው ልብ አላሉትም እያለ ይኩራራል። የተሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ስሞቹ ጆሮው የደረሱት የግሪክ ልብስ ለብሰው ነው፤ ግሪክኛ ደግሞ የወንድ ስም የዐረፍተ ነገር ባለቤት ሲሆን «ስ» ይቀጥልበታል። ሄሮዶቱስ የፋርሶች ጠባይ ያለው የራሱን ቋንቋ ጠባይ ነው።

ቁጥር 2 ማስረጃውን ከዓለት ላይ አመጣ። ዳርዮስ ዙፋኑን በያዘ ማግስት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ520 ገደማ፣ በምዕራብ ኢራን በሚገኘው በቤሂስቱን ገደል ላይ በሦስት ቋንቋ አስቀርጿል፤ በጥንታዊ ፋርስኛ፣ በኤላምኛና በባቢሎንኛ። እዚያ ላይ አብረውት የቆሙትን ስድስት መኳንንት በስማቸው ይጠራል፦ ዊንደፈርና፣ ኡታና፣ ገውበሩወ፣ ዊደርና፣ በገቡኽሻ፣ አርዱማኒሽ። ከስድስቱ አምስቱ የሚያልቁት በአናባቢ ነው። ግሪኮቹ ዘንድ ሲደርሱ ግን ኢንታፈርኔስ፣ ኦታኔስ፣ ጎብርያስ፣ ሂዳርኔስ፣ ሜጋቢዞስ ሆኑ። የንጉሡ አባትም ዊሽታስፓ ነበር፤ ሂስታስፔስ ያደረጉት እነሱ ናቸው። እንዲህም ሆኖ ጠያቂው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም አለ ቁጥር 2። ግንዳቸው በ«ኡ» ወይም በ«ኢ» የሚጨርስ የጥንታዊ ፋርስኛ ስሞች ባለቤት ሲሆኑ «ሽ» ይይዛሉ። ኩሩሽ፣ ዳረየወኡሽ። ስለዚህ በቂሮስና በዳርዮስ መጨረሻ በእርግጥም አንድ ፋርሳዊ ድምፅ ነበረ፤ ባይኖርም ግን ግሪኮቹ «ስ»ን ማስገባታቸው አይቀርም ነበር።

ቁጥር 3 አንድ መስመር ብቻ ጣለ። ሄሮዶቱስ ከስድስቱ የአምስቱን ስም በትክክል አግኝቷል፤ በአርዱማኒሽ ቦታ አስፓቲኔስን አገባ። በግሪክኛ ለሰማ ሰው ክፉ ውጤት አይደለም።

ስሞቹ ወደ እኛ የገቡበትን በር ያሳየው ቁጥር 4 ነው፤ ለእኔ የክሩ ምርጥ ምላሽ እሱ ነው። የግእዝ ብሉይ ኪዳን በዋናነት የተተረጎመው ከሰብዓ ሊቃናቱ የግሪክ ትርጉም ስለሆነ የፋርስ ነገሥታት ወደ እኛ የደረሱት በግሪክ በኩል ነው። በሩ ደግሞ ፊደሉ ላይ አሻራ ይተዋል። ግሪኮች ሁለት ዓይነት «ክ» አላቸው። ካፓ ግእዝ ላይ «ቀ» ይሆናል፦ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ቆሮንቶስ፣ ቂሮስ። ኪ ግን «ከ» ይሆናል። እንደዚሁ ታው «ጠ»፣ ቴታ «ተ» ይሆናሉ፤ ጢሞቴዎስ የሚለው ስም ሁለቱንም በየቦታቸው ይዟል። በአርጤክስስ ውስጥ ያለው «ጤ» የታው አሻራ ነው። ፋርሶቹ አርታኽሻሳ ነበር የሚሉት፤ በዚያ ስም ውስጥ «ጠ» የሚባል ድምፅ አልነበረም።

ቁጥር 5 ወዲያው ክርስቶስን ይዞ መጣ። እዚያ ያለው ታው ነው፤ ታዲያ ለምን ክርስጦስ አላልንም? ቲቶስ? ቁጥር 4 በምላሽ 6 ተመልሶ አመነ። ደንቡ የሚበዛውን ያሳያል እንጂ ሕግ አይደለም፤ በአንድ ፊደል ብቻ ፍርድ መስጠት አይገባም፣ ሁለትና ሦስት አሻራ አንድ ላይ ሲገኝ ነው የሚታመነው። እስከዚህ ድረስ ሰዉ ሁሉ ጨዋ ነበር።

ቁጥር 7 ወደ ትርጉም አዞረው። የጥንት ኢራናውያን ስም በአብዛኛው ሁለት ቃል ገጥሞ የሚሠራ ነው፤ ሀብተ ማርያምና ወልደ ሚካኤል ለለመደ ሰው አይከብድም። ከፊት የሚመጡት በገ (አምላክ)፣ ሚትራ (የአንድ አምላክ ስም)፣ አርታ (እውነት፣ ሥርዐት) ናቸው፤ ፈርናህ (የንግሥና ሞገስ) እና አስፓ (ፈረስ) ደግሞ ከፊትም ከኋላም ይገባሉ። ከኋላ ብዙ ጊዜ ዳታ አለ፣ የተሰጠ ማለት ነው። ሚትራዳታ ሚትራ የሰጠው፣ በገዳታ አምላክ የሰጠው፤ የእኛ «ሀብተ» ከኋላ ቢቀመጥ ማለት ነው። ባግዳድ የሚለው የከተማ ስምም ከዚሁ ከበገና ከዳታ የተገጠመ ነው። ዳረየወኡሽ መልካሙን አጽንቶ የያዘ፤ ኽሻያርሻ (ጠረክሲስ የሚባለው) በጀግኖች ላይ የሚገዛ፤ አርታኽሻሳ አገዛዙ በእውነት የሆነ። ሄሮዶቱስ ጠረክሲስን ተዋጊ፣ አርጤክስስን ታላቅ ተዋጊ ብሎ የተረጎመው በግሪክኛ ድምፃቸው ስለተመሳሰሉ ነው። በፋርስኛ የሁለቱ ስሞች ኋለኛ ቃል ጨርሶ አይገናኝም። ይኸው ምላሽ አንድ ማስጠንቀቂያም አለው፦ በአማርኛው መጽሐፈ አስቴር 1፥1 ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ በ127 አገሮች ላይ የነገሠው አርጤክስስ ይባላል፤ ዕብራይስጡ ግን አሐሽዌሮሽ ነው የሚለው፣ ይኸውም ኽሻያርሻ ነው። ስሙን የለወጡት የግሪክ ተርጓሚዎች ናቸው። ይህን ሳያውቅ ታሪክ የሚያገላብጥ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ486 እስከ 465 የነገሠውን ትቶ ከ465 እስከ 424 የነገሠውን ልጁን ይዞ ይቀመጣል።

ቁጥር 8 አስቴርና መርዶክዮስስ አለ። መላሹ ቁጥር 9 በዝርዝር ገባበት። መርዶክዮስ ከባቢሎን አምላክ ከማርዱክ የተገኘ ስም ነው፤ ፋርስ ቤተ መንግሥት ውስጥ መኖሩ ስሙን ፋርሳዊ አያደርገውም። አስቴር ላይ ሁለት ሐሳብ አለ፤ ከፊሉ ኢሽታር ከምትባለው የባቢሎን አምላክ ያመጣዋል፣ ከፊሉ ከፋርስኛው የኮከብ ስም። ስለዚህ ለልጅ ስም ሲወጣ ኮከብ ማለት ነው ብሎ መጨረስ ለጥምቀት ድግስ ይበቃል፣ ለመከራከሪያ ግን አይበቃም። የማይጠረጠረው በዕዝራ 2፥2 ያለው ነው። ከዘሩባቤል ጋር ከተመለሱት ውስጥ በጉዋይ የሚባል አለ፤ አይሁዳዊ ነው፣ ስሙ ግን በገወህያ ከሚለው የኢራን ስም የመጣ ነው፣ የመጀመሪያው ቃል ያው «አምላክ» ነው። የሐማ ልጆችም በዕብራይስጡ ፓርሻንዳታ፣ አሪዳታ እየተባሉ «ዳታ»ን በግልጽ ይዘዋል። ስም የሰውየውን ዘር አይናገርም፤ ማን ይገዛው እንደነበረ ግን ብዙ ጊዜ ይናገራል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ፐርሴፖሊስ (የጥንት ፋርስ ነገሥታት ከተማ) ሸክላዎች ገባ፤ ማንበብ ለሚወድ ሰው ጣፋጩ ክፍል ይህ ነው። ቁጥር 10 እንዳስረዳው፣ እ.ኤ.አ. በ1933 በቁፋሮ የተገኙት የፐርሴፖሊስ ምሽግ ሸክላዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ509 እስከ 493 ያሉ የቀለብ መዝገቦች ናቸው። በሽብልቅ ጽሕፈት፣ አብዛኞቹ በኤላምኛ። ሪቻርድ ሃሎክ በ1969 ከ2000 በላይ የሚሆኑትን አሳተመ፤ ንጉሥ ብቻ ሳይሆን ወዛደርና እረኛ፣ መልእክተኛና ግምጃ ቤት ጠባቂ በስማቸው ተገኙ። የኢራን ስም ጥናት ከነገሥታት ዝርዝር ወደ ተራ ሰው የወረደው በዚህ ነው። ቁጥር 10 ፓርናካ በሚባል ሹም ላይ ቆየ። ፓርናካ ከላይ ከተጠቀሰው ፈርናህ ሲሆን በስተኋላ ያለው «ካ» ስም የሚያሳጥር ነው፤ ግሪኮቹ ፋርናኬስ አሉት። የፐርሴፖሊስ አስተዳደር የበላይ ነበር፤ የቀን ቀለቡ 2 በግ፣ ወደ 90 ሊትር የወይን ጠጅና ወደ 180 ሊትር ዱቄት ነው። ይህን አንድ ሰው እንደማይጨርሰው ግልጽ ነው፤ ለአጃቢውም ጭምር ነው። በ500 ማኅተሙ ተለወጠ፤ የድሮው ቀርቷል፣ ከእንግዲህ የእኔ የሚባለው በዚህ ጽላት ላይ ያለው ነው የሚል ማሳወቂያ አስጻፈ። በአዲሱ ማኅተም ላይ የተቀረጸው አራማይክ ጽሕፈት የአርሻም ልጅ ፓርናካ ይላል። አርሻም የዳርዮስ አያት ስም ነውና ፓርናካን የንጉሡ አጎት አድርገው የሚያዩት ብዙዎች ናቸው።

ሴቶቹም እዚያ ይገኛሉ። የነገሥታቱ የድንጋይ ጽሑፎች አንዲትም ሴት በስሟ አይጠሩም፤ ሸክላዎቹ ግን ዳርዮስ ለኢርታሽዱና 100 በግ እንዲሰጥ ማዘዙን መዝግበዋል። ግሪኮቹ አርቲስቶኔ ያሏት እሷን ነው።

ቁጥር 11 ጥንቃቄ አከለ፤ ሥራውን በእጁ የሚሠራ ሰው አነጋገር ነበረው። የኤላም ጽሕፈት «ፍ» የለውም፣ በ«ፕ» ይተካዋል፤ ፓርናካን በ«ፓ» ያነበብነው ለዚህ ነው፣ አፍ ላይ ግን ፈርናካ ነበር። «ው» በሚገባበት ቦታ «ም» ይጽፋል፤ ዳርዮስ እዚያ ዳሪያማኡሽ ነው። በስም መጀመሪያ ያለውን አርታም «ኢርዳ» ያደርገዋል። ዕብራይስጥና አራማይክ በበኩላቸው የሚሰጡት በአብዛኛው ተነባቢውን ነው። ስለዚህ አንድን ስም የሚከተል ሰው መጀመሪያ በእድሜ የቀደመውን አጻጻፍ ይያዝ፤ ቀጥሎ ጽሕፈቱ የትኞቹን ድምፆች መጻፍ እንደማይችል ያስላ፤ የተቀባዩን ቋንቋ ቅጥያ ያራግፍ፤ ከዚያ ሁለቱን ቃላት ይፈልግ። ከትርጉም የሚጀምር ሰው ሁልጊዜ የፈለገውን ያገኛል፣ ችግሩም እሱ ነው። ግሪኮቹ በገቡኽሻን ሜጋቢዞስ ያሉት «በገ» በጆሮአቸው «ሜጋ» (ታላቅ) ስለመሰለች ነው፤ በገፓታንም በዚያው ስሕተት ሜጋባቴስ አደረጉት። የመጨረሻዋ ነጥብ ለቁጥር 13 አስቀድማ የተጻፈች ትመስላለች።

ቁጥር 12 ወደ አገር ቤት መለሰን። ትግራይ ውስጥ ኪሮስ የተባለ ሰው የማያውቅ የለም፤ ከአቡነ ኪሮስ የተወሰደ ነው። ግሪኩ ኪሮስ የፋርሱን ንጉሥ ስም የሚጽፈው በዚያው ፊደል ነው፤ ስለዚህ የኪሮስ ስም ባለቤቶች ሳያውቁት ኩሩሽን ይዘው ይዞራሉ አለ። ግን በቁጥር 4 ደንብ ካፓ «ቀ» መሆን ነበረበት፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ቂሮስ ብሎ ሳለ የጻድቁ ስም በ«ኪ» መጻፉ ሌላ በር ያመለክታል፤ ዐረብኛ በካፍ ጽፎት ከዚያ ቢገባ ይገጥማል ብሎ አሳበ። ቂርቆስን ግን እዚህ አታግቡት፣ ሌላ ስም ነው ብሎ ዘጋ። በመጠን የተናገረ ምላሽ ነው።

ቁጥር 13 መጠኑን አላወቀም። የሰኔ ሚካኤል ድርሳን ላይ ያለው ባሕራን የፋርሱ ባህራም ነው፣ ይህም የፋርስ ስም ወደ ቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መግባቱን ያረጋግጣል ብሎ ደመደመ። ቁጥር 14 ቃል አልመረጠለትም። ድርሳኑ ራሱ ሕፃኑ በሣጥን ሆኖ ባሕር ላይ ተጥሎ መገኘቱን ይናገራል፤ ስሙ ከባሕር ነው፣ በሐመሩ «ሐ»። ባህራም ደግሞ ዌረትራግና ከሚለው የድል አምላክ ስም ተነሥቶ ወራህራን፣ ወህራም እያለ የወረደ ነው፤ መጀመሪያው «ወ» እንጂ «በ» አልነበረም። ሁለቱን ለማጋባት የመጨረሻውን ቅርጽ ከመጨረሻው ቅርጽ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ሜጋቢዞስ የተሠራበት ዘዴ ነው። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ቀጥሎ ግን እርስዎን ትቶ አንተ ማለት ጀመረ፤ ሰውየው ከላይ ያሉትን 12 ምላሾች ሳያነብ ነው የጻፈው አለ። ቁጥር 15 በንዴት መለሰ። የአውሮፓ ሊቃውንት ሲያመሳስሉ ጥናት፣ እኛ ስናመሳስል ስድብ ነው ወይ የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ጥያቄው ባዶ አይደለም፤ ግን ስለ «ሐ»ው አንድም ቃል አልመለሰም። ቁጥር 16 አወያዩ ነው፤ ሁለቱንም አንተ መባባል እንዲያቆሙ ጠየቀ።

ቁጥር 17 አየሩን ቀየረው፣ ወደ አርሜንያ ወሰደን። የኢራን ስም ከኢራን ውጭ እንደ አርሜንያ የተተከለበት አገር የለም። ከፓርቶች ወገን የሆነው የአርሻክ ሥርወ መንግሥት እዚያ እስከ 428 ዓ.ም. ገዝቷል። ስሙና ቃሉ ከመብዛቱ የተነሣ አርመንኛ ራሱ የኢራን ቋንቋ ነው ይባል ነበር፤ ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ መሆኑን ሃይንሪሽ ሂብሽማን ያሳየው በ1875 ነው። ስሞቹ በሁለት ንብርብር ይገኛሉ። አርታኽሻሳ መጀመሪያ ገብቶ አርታሼስ ሆነ፤ ያው ስም በፋርስ ምድር ሲሸረሸር ቆይቶ አርዳሺር ከሆነ በኋላ ዳግመኛ በሳሳናውያን (ከእስልምና በፊት የመጨረሻው የፋርስ ሥርወ መንግሥት) ዘመን ገባና አርታሺር ተባለ። አንዱ ስም ሁለት ጊዜ ድንበር ተሻገረ፣ አርመኖቹም እንደ ሁለት ስም ያዙት። ቲሪዳታ ደግሞ ትርዳት የሆነው አርመንኛ አጽንዖት የማይወድቅበትን «ኢ» ስለሚውጥ ነው። ቲግራን ዛሬም የሬቫን መንገድ ላይ ተጠርቶ ብዙ ሰው የሚያዞር ስም ነው።

በጀርባው ቁጥር 18 አንዲት ጠቃሚ ደንብ አስቀመጠ። በስም መጀመሪያ ያለ «ዊ» በኋለኛው ፋርስኛ «ጉ» ይሆናል። ዊሽታስፓ ጉሽታስፕ፣ ዊንደፈርና ደግሞ በምሥራቅ፣ በህንድ ዳርቻ ነግሦ በሐዋርያው ቶማስ ገድል የተጠቀሰው ጉንዳፎር። ከሰብአ ሰገል አንዱን ምዕራባውያን ካስፓር የሚሉት ከዚህ ስም ነው የሚለው ሐሳብ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ማለትም ዳርዮስ ጎን የቆመው ሰው ስምና በአውሮፓ የልደት ግርግም ላይ የቆመው ሰው ስም አንድ ሊሆን ይችላል።

ቁጥር 19 የግብፅን ደሴት ኤሌፋንቲንን አነሣ። በ5ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ግብፅን ለፋርስ ይገዛ የነበረው አርሻማ ነው፤ በ410 የአይሁድ ቤተ መቅደስ ሲፈርስ የአካባቢው ሹም ዊድራንጋ ይባል ነበር። ከደሴቲቱ በስተደቡብ ኩሽ ይጀምራል። ዳርዮስ ለሱሳ ቤተ መንግሥቱ የዝሆን ጥርስ ከኩሽ እንደመጣለት ጽፏል፤ ዝሆን ጥርሱ ወደ ሰሜን ወጣ፣ ስሞቹ ግን ከአስዋን በላይ አልወጡም ባይ ነው።

ቁጥር 20 የመንን ያዘ። በ570ዎቹ ዓ.ም. የሳሳናውያን ጦር በወህሪዝ መሪነት ገብቶ ከአክሱም ወገን የነበረውን አገዛዝ አስወጣ። እዚያ የቀሩት የፋርስ ወታደሮች ልጆች አብና ተባሉ፤ ከእነሱ ፈይሩዝ አድ-ደይለሚን የመሰለ የፋርስ ስም ያለው ይገኛል፣ ወዲያው ደግሞ ወህብ ኢብን ሙነቢህን የመሰለ ከአባቱ ጀምሮ ዐረብኛ ስም ያለው። ፈይሩዝ ፔሮዝ ነው፣ ድል አድራጊ፤ ዐረብኛ «ፐ» ስለሌለው «ፈ» ሆነ። ራሱ ፋርስ የሚለው ስም ጥንት ፓርሳ ነበር። ያስሚንን እዚህ የጨመረ ሰው ነበር፤ ቃሉ በእርግጥ የኢራን ነው፣ ግን የአበባ ስም ወደ ሰው ስም የዞረ እንጂ እንደ ሚትራዳታ ከጥንት የሰው ስም ሆኖ የተገጠመ አይደለም።

ከዚያ ክሩ ከመንገድ ወጣ። ቁጥር 21 የሐዋርያት ሥራ 8፥27ን አነሣ፤ የኢትዮጵያው ጃንደረባ የተሾመበትን ገንዘብ ግሪኩ «ጋዛ» ይለዋል፣ ይህም ከኢራን የተዋሰው የግምጃ ቃል ነው፤ አንድ ቁጥር ቀደም ብላ፣ በ8፥26 ያለችው ጋዛ ከተማ ግን የሴም ስም ናት። ቁጥር 22 ታዲያ የእኛ «ገንዘብ» ከዚሁ የኢራን ቃል ከ«ገንዛ» አይሆንም ወይ አለ። ቁጥር 23 መጀመሪያ «በ»ዋን አስረዱን፤ ሦስት ፊደል ገጥሞ አራተኛው ከተረፈ ገና አልገጠመም ብሎ መለሰ። ቁጥር 14 ይህን ቢመልስ ኖሮ ሌላ ጠብ ነበር።

የመጨረሻው፣ ቁጥር 24፣ ወደ መጀመሪያው «ስ» ተመለሰ። ከእስክንድር በኋላ በፋርስ አውራጃ የነገሡ ትንንሽ ነገሥታት በሳንቲማቸው ላይ የዳርዮስን ስም ያለ «ሽ» ጽፈውታል፣ ዳረው ብለው። በኋላ በሰው አፍ ዳራና ዳራብ ሆኖ ቀጠለ፤ ቅጥያው ሞቷል። በ1802 ጌኦርግ ግሮተፌንድ በጀርመን የፐርሴፖሊስን ጽሑፍ መፍታት የጀመረው በስሞች ነው። አባቱ ንጉሥ የተባለ አንድ ንጉሥና አባቱ ንጉሥ ያልተባለ ሌላ ንጉሥ አገኘ፤ ሁለተኛው የሂስታስፔስ ልጅ ዳርዮስ መሆን አለበት፣ የመጀመሪያውም ልጁ ጠረክሲስ ብሎ ፊደል ቆጠረ፣ ገጠመለትም። ያ ንባብ ወደ ኢራን ሲመለስ ሰዎች ለልጆቻቸው ዳሪዩሽና ኩሮሽ የሚሉ ስሞችን ማውጣት ጀመሩ፣ ከድንጋዩ ላይ ከነ«ሽ»ው አንሥተው። ዛሬ ቴህራን ውስጥ ዳራ እና ዳሪዩሽ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ቢኖሩ የአንድ ስም ባለቤቶች ናቸው፤ አንዱ በአፍ የወረደውን ይዟል፣ ሌላው ከገደል የተቀዳውን።